እስቲ እረሚልኝ

ኅዳር 3

ይድረስ ለጭቃው፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር። ሆኖም ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ስህተት ሳርም የኖርኩ ሰው፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ራሴ ስህተት መጻፍ አላማረኝምና ትቼዋለሁ።

ስላልደወልኩ ይቅርታ። ያላችሁበት እርሻ ኔትወርክ አይደርሰውም ስለተባለ ብቻ አይደለም። እህትህ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። ማን እንደሆነ አትጠይቅም፤ ደዋዩን ለማበረታታት ያህል ራሷን ትነቀንቃለች። ስለ እሷ፣ እሷ እየሰማች ማውራት አልቻልኩበትም። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ላይ ማንም ራሱን አይነቀንቅም።

ቲማቲም ጭኖ የሚመጣው ሾፌራችሁ ጥያቄህን በቃል አድርሶልኛል። በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ፣ «አባት፣ አንደኛ እጇ እንዴት ሆነ? ሁለተኛ እንዴት ነው የወደቀችው? ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ» አለኝ። ሁለቱን እመልሳለሁ። ሦስተኛውን አንተ ታውቀዋለህ።

እጇ በጀሶ ታስሯል፤ ግራው ነው። የወደቀችው ጓሮ ውስጥ፣ ጭቃ ላይ ነው። በዚህ በደረቅ ወር ጭቃ ከየት መጣ ካልከኝ፣ የሠራችው ራሷ ናት። አትክልቱን ታጠጣለች። አጠጥታ ትገባለች፣ እጇን በፎጣ ታደርቃለች፣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች፣ «ውይ፣ እነዚህ ልጆች ዛሬ ውሃ አልቀመሱም» ትላለች፣ ትወጣለች። ሰኞ ዕለት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ካሮቱ ከሥሩ በስብሷል። ቃሪያው ቢጫ ሆኗል። ጎመኑ ብቻ በእልህ ቆሟል።

ቧንቧውን በቁልፍ ዘግቼው ነበር። ባዶውን ማጠጫ ይዛ ሥሩ ቆመች። ግማሽ ቀን። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ እንዴት በወደድኩ። «ውሃ ሲመጣ ጥራኝ፣ እሺ?» አለችኝ፣ ውሃው ሩቅ አገር ሄዶ የሚመለስ ዘመድ ይመስል። ቁልፉን አወጣሁት።

በነገራችን ላይ ያ ቧንቧ ድሮ ለመክፈት ሁለት እጅ ይፈልግ ነበር። አምና እኔ ዓይን ሐኪም ጋ በሄድኩበት ቀን፣ ማን እንደላከው ያልታወቀ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ አስተካክሎት ሄደ። «አንድ ጨዋ ሰው መጥቶ ነበር» ነው ያለችኝ። ይኸው አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል። ያን ሰው ባገኘው ሥራውን አመስግኜ ራሱን እረግመው ነበር።

ሐኪሙ ሁለተኛ ከወደቀች የሚሰበረው ዳሌዋ ነው፣ ከዚያ ወዲያ አልጋ ነው ብሎኛል። ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ውሃውን ብተውላት ትወድቃለች፣ ብወስድባት ደግሞ የሚቀራት ነገር የለም። የሰው ስም ሄዷል፣ የቤቱ ክፍሎች ቦታ ሄዷል፣ የቀን ስም ከሄደ ቆየ። ማጠጣትና ማረም ነው የቀሩት። ማረም የሚባለውን የቤታችንን ቃል መቼም አትረሳውም። እኔ ማተሚያ ቤት ጽሑፍ አርማለሁ፣ እሷ ትምህርት ቤት ፈተና ታርማለች፣ ቅዳሜ ሁለታችንም ጓሮ ወጥተን አረም እናርማለን። አንተ በዘጠኝ ዓመትህ፣ «እዚህ ቤት ሰው ሁሉ አራሚ፤ የሚሳሳት እኔ ብቻ» ብለህ ያኮረፍከውን እስካሁን እስቅበታለሁ።

እናንተ እዚያ ሜዳ ሙሉ የምትዘረጉት የጠብታ መስኖ ስድስት መደብ ላለው ጓሮ ይሆናል? አትክልቱ በራሱ ጊዜ ከጠጣ፣ «ጠጥቷል» ልላት እችላለሁ፤ እውነትም ይሆናል። ይሆናል ካልከኝ ራሴ እገጥመዋለሁ። እጄ ከእርሳስ የከበደ መሣሪያ ይዞ እንደማያውቅ እያሰብክ መልስልኝ።

የእህትህ ባል


ኅዳር 19

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስተኛዋን ጥያቄ ይተዋት፤ መጀመሪያውኑ በሾፌር አፍ የምትላክ አልነበረችም።

ይሆናል ወይ ላሉት፣ ይሆናል። እኛ እዚህ ሠላሳ ሄክታር እንዘረጋለን፤ የእርስዎ ጓሮ ለእኛ የሾፌሩን ጋቢና ያህላል። «ራሱ መጥቶ ለምን አይገጥመውም?» ብለው በሾፌሩ ለላኩብኝ ደግሞ ሥራ በዝቷል። ችግኝ የምናወጣበት ወቅት ነው። አለቃው ፈቃድ ሲጠየቅ ጆሮው አይሰማም። ሌላ ምንም የለም።

በጆንያው ውስጥ አንድ ጥቅል ወፍራም ቱቦ፣ አንድ ጥቅል ቀጭን ቱቦ፣ ማጣሪያ፣ መጋጠሚያዎች፣ ወስፌና በፌስታል ስልሳ ሁለት ድሪፐር አለ። ድሪፐር ማለት ውሀውን ጠብ ጠብ የሚያደርገው ትንሹ ነገር ነው። ወፍራሙን ከቧንቧው አንስተው በመደቦቹ ራስጌ ያሳልፉት። ማጣሪያውን መጀመሪያ ላይ ያድርጉ፣ እንዳይዘሉት። ከወፍራሙ ላይ ለእያንዳንዱ መደብ አንድ ቀጭን ያውጡ። ቱቦው ተጠቅልሎ ስለኖረ ቀጥ አልልም ይላል፤ ፀሐይ ላይ ዘርግተው ይተዉት። አልገባ የሚል መጋጠሚያ ካለ የቱቦውን ጫፍ ፍል ዉሀ ውስጥ ይንከሩት፣ ይለሰልሳል። በየስንዝር ተኩሉ በወስፌ ይብሱትና ድሪፐሩን ይሰኩ። ወስፌውን ቀጥ አድርገው ይያዙት። ወዲያ ወዲህ ካሉት ቀዳዳው ይሰፋና ያንጠባጥባል፤ ማለቴ ባልታሰበበት ቦታ ያንጠባጥባል። ጫፎቹን ከመድፈንዎ በፊት ዉሃ ይልቀቁበት፣ የገባው አፈር ታጥቦ ይውጣ። ከዚያ ይድፈኑት። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ያን የቧንቧ ሠራተኛ ግን ባይረግሙት። አላወቀም ይሆናል።

ጭቃው


ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለጭቃው፣

ጆንያው በሰላም ደርሷል። ደብዳቤህም ደርሷል፤ ውሃን በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ፊደል ጽፈኸዋል። የትኛውን እንደምትልክብን ስላላወቅሁ ለሦስቱም ተዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ድሪፐር ያልከውን እኔ አንጠብጣቢ ብዬዋለሁ። ያልተተረጎመ ዕቃ ጓሮዬ አይገባም።

ስንት ቀን እንደፈጀብኝ በሾፌሩ ጠይቀሃል። አራት ቀን። የመጀመሪያው ቀን ቱቦውን ቀጥ በማድረግ አለፈ። ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት፣ ተጠቀለለ። ድንጋይ ጫንኩበት፣ ድንጋዩን ይዞ ተጠቀለለ። በሁለተኛው ቀን እህትህ መጥታ ጫፉን ያዘችልኝና ነገሩ ተስተካከለ፤ ሥራው ለካ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ይህን አልጻፍክልኝም። እሷ ጫፉን እንደያዘች፣

«ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የውሃ መንገድ ነው።»

«ለማን?»

«ለአትክልቱ።»

«የኔ ማጠጫ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ።»

«ታዲያ?»

«ጫፉን አጥብቀሽ ያዢልኝ» አልኳት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከፈትኩት። ቱቦው አንዴ አጉረመረመ፣ ከዚያ ዝም አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሕይወቴ ብዙ ለፍቼ ጠብ ያለልኝ ነገር የለም እያልኩ ሳማርር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ስልሳ ሁለት ቦታ ጠብ አለልኝ። እውነቱን ለመናገር ሃምሳ ሁለት ቦታ ነው፤ የመጨረሻው መደብ እስካሁን አልጠጣም። ምክንያቱን ጻፍልኝ።

እህትህ ከበሩ ደፍ ላይ ሆና አየችው። አፈሩ በየተክሉ ሥር ብቻ ጠቁሯል፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ጭቃ የለም። ይህን ነበር የፈለግሁት።

«ማን አጠጣው?» አለችኝ።

«አንቺ ነሻ» አልኳት።

ቀኝ እጇን አንስታ አገላብጣ አየችው። «ውሸታም» አለችኝ። «እጄ ደረቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሌላም ነገር ነበር። ሲመቸኝ እጽፍልሃለሁ።

የእህትህ ባል


ታኅሣሥ 21

ይድረስ ለጋሼ፣

የመጨረሻው መደብ የማይጠጣው ከፍ ብሎ ነው። ድሮም ከፍ ያለ ነበር፤ እኔ ነኝ አፈር ያከመርኩበት፣ ልጅ ሆኜ ግድብ ልሠራ ስል። ወይ ከመደቡ ትንሽ አፈር ያንሱለት፣ ወይ ለእሱ ከቧንቧው የተለየ መስመር ይስጡት። ማጣሪያውንም ከፍተው ይጠቡት።

ሁለት ሰው እንደሚፈልግ አልጻፍክልኝም ማለትዎ ልክ ነው። እኛ እዚህ ሁልጊዜ ብዙ ስለሆንን አይታሰበኝም።

ሾፌሩ ባለፈው ሲመጣ በራችሁ ላይ ጥቁር ነገር በነዶ በነዶ ታስሮ አየሁ አለኝ። «የአባት ጓሮ ቱቦ አብቅሎ፣ አጭደው ከመሩት እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅሁም። እርስዎ የሌላ ሰው ስህተት ሲደብቁ ነው የማውቅዎት፤ የራስዎን ሲደብቁ አላውቅም። ሲመችዎ ያሉትን አሁን ቢጻፉልኝ።

ጭቃው


ጥር 2

ይድረስ ለጭቃው፣

«ቢጻፉልኝ» አይባልም፤ «ቢጽፉልኝ» ነው። ይህን መጀመሪያ ያነሳሁት ወደ ቀጣዩ ላለመሄድ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ።

ሾፌሩ የነገረህ እውነት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያውም የአንድ ቃል።

ውሃው በራሱ መሄድ ከጀመረ በኋላ እህትህ ሥራ ፈታች። ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ወንበር። እጇ ምን ልያዝ እያለ የቀሚሷን ጫፍ ይበጥስ ጀመር። አንድ ነገር ልስጣት ብዬ ቁጭ አልኩና የጓሮውን ንድፍ በወረቀት ሠራሁ። ስድስቱ መደቦች፣ ቱቦው የሚያልፍበት፣ ቧንቧው የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት። ጽፌ ስጨርስ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራችን ከማመልከቻ እስከ ሐዘን መግለጫ የጻፍኩትን ሁሉ እንደማደርገው፣ ወረቀቱን ሰጠኋትና፣ «እስቲ እረሚልኝ» አልኳት።

ፊቷ በራ። «እሺ!» አለች። ወረቀቱን በአራት አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። ቀይ እስክሪብቶዋን ልትፈልግ የሄደች መስሎኝ ደስ ብሎኝ መነጽሬን እየጠረግሁ ጠበቅሁ። ብዙ ጠበቅሁ።

በአንድ እጅ ነው የሠራችው፤ ግራው ገና ጀሶ ውስጥ ነበር። ቱቦውን ከራስጌ እስከ ግርጌ ነቅላ፣ አፈሩን አራግፋ፣ ጫፉን ወደ አንድ ወገን አድርጋ፣ በነዶ በነዶ አስራ በር ላይ አኑራዋለች፤ አረም እንደሚደረገው። አንጠብጣቢዎቹን አንድ በአንድ ለቅማ ማጠጫው ውስጥ ከትታቸዋለች። ቆጠርኳቸው፣ ስልሳ ሁለቱም አሉ። አንድ ጎመን አልነካችም፤ የቲማቲም ቅጠል እንኳ አልተቀጠፈም። ከሙያ አንጻር ብቻ ካየነው እንከን የለውም። ላቧን በክንዷ ጠረገችና፣

«ጨረስኩልህ» አለችኝ። «ኧረ ይኼስ ሥሩ ረጅም ነበር።»

ተቆጥተዋት ነበር ወይ ብለህ በሾፌሩ በኩል ላስጠየቅኸኝ፣ አዎ። አንዴ። «ሴትዮ!» አልኳት። እህትህን ሴትዮ ብያት አላውቅም፤ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ደነገጠች። ጓሮውን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇ ላይ ያለውን አፈር በቀሚሷ ጠረገች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። «የእርስዎ ጓሮ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።»

አንቱ አለችኝ፣ ጭቃው። ዞር ብዬ ከኋላዬ ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩን አየሁ፤ ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ገጥሜዋለሁ፣ አራት ጊዜ አርማዋለች። እኔ ዝም ብልም ቃሉ አንዴ ገብቷታል፤ ጥቁር ነገር መሬት ላይ ተጋድሞ ካየች አታልፈውም። በዚህ ምክንያት ገጠማ ላይ ፈጥኛለሁ፤ አለቃህ ሠራተኛ ካጠረው ንገረው። ግን ጓሮው በአንዱ ቀን ይጠጣል፣ በአንዱ ቀን ይጠማል፣ እሷም ማጠጫዋን ፍለጋ ቤቱን ታገላብጣለች። ትናንት ቧንቧው ሥር አንሸራተታት፤ ክንዷን ያዝኩት። ትናንት አጠገቧ ነበርኩ።

ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የሚታረም ነገር አላገኘሁበትም።

የእህትህ ባል


ጥር 15

ይድረስ ለጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ አንብበው ይቅደዱት።

እርስዎንም አንቱ ካለችዎ እንግዲህ ልናገር። አምና መጥቼ ነበር። እርስዎ ዓይን ሐኪም ጋ በሄዱበት ቀን። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቆሜ ሳቅሁ፣ እቅፍ ታደርገኛለች ብዬ። እሷም ሳቀች። ከዚያ «ማንን ፈለጉ?» አለችኝ። ፈለጉ አለችኝ ጋሼ። ያጠበችኝ፣ ያስተማረችኝ፣ በኩርኩም ያሳደገችኝ እህቴ። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው የተናገርኩት፤ «የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ ቧንቧ ተበላሽቷል ተብዬ ነው» አልኳት። «ይግቡ ይግቡ፣ በጣም ይጠብቃል» አለች። ገባሁ። ጠገንኩት። ወንበር አመጣችልኝ፣ «ጎበዝ ነዎት፣ እናትዎ ታድላለች» አለችኝ። እርስዎ ሳይመለሱ ወጣሁ።

በአንድ ጣት እንዲከፈት ያደረግሁት እኔ ነኝ። እጇ እንዳይደክም ብዬ ነበር። የወደቀችው በእኔ ዉሀ ነው።

ሾፌሩ የረሳት ሦስተኛዋ ጥያቄ «ስሜን ታነሳለች ወይ» ነበረች። አሁንም አይመልሱልኝ። ለምን አይመጣም ላሉት መልሱ ይኸው ነው። አለቃው ፈቃድ ቢከለክለኝማ ደስ ባለኝ፤ ጠይቄው አላውቅም።

አሁን ወደ ሥራው። እኛ ውሀውን ከእጅዋ ልንወስድ ስንል ነው የተሳሳትነው። ትያዘው። አንድ ትልቅ ባልዲ ከጉልበት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡ፣ አፉ ወገቧ ጋ እንዲደርስ። ከባልዲው ሥር ወፍራሙን ቱቦ ያውጡ። ከአፉ ዝቅ ብሎ ሌላ ቀዳዳ ይብሱና ትርፉን ቧንቧው ሥር ወደሚያኖሩት በርሜል የሚመልስ ቱቦ ይስጡት። ትንሿን ማጠጫ ይስጧት፣ ከቧንቧው ሞልታ ባልዲው ውስጥ ትገልብጥ። አሥራ አንድ ጊዜም ትቅዳ፣ ሠላሳ ጊዜም ትቅዳ፣ ባልዲው ይሞላል፣ ትርፍ ዉሃ ይመለሳል፣ አትክልቱ የሚያገኘው ጠብታውን ብቻ ነው። ቱቦውን በደረቅ ሣር ይሸፍኑት፣ እንዳታየው። ከቧንቧው እስከ ባልዲው ጠጠር ያልብሱት፣ ውሀ ቢፈስ ጭቃ አይሆንም። ከፍ ያለው መደብ እንኳን እንዲህ ያለ ቀስ ያለ ዉሀ ይበቃዋል።

ባልዲው ላይ ደግሞ የሚሆነውን በትልቁ ይጻፉበት። የተነገራትን ባታምን የተጻፈ ነገር ታምናለች። ብቻ ያለ ስህተት ይጻፉት።

ጭቃው


የካቲት 12

ይድረስ ለጭቃው፣

በመጀመሪያ እርግማኔን አንስቻለሁ። ቧንቧውን ያላላው ሰው ጥፋት የለበትም። ቃሉን የተናገረውም ሰው የለበትም ልል እየሞከርኩ ነው። አንድ የሚረገም ሰው ባገኝ ነገሩ ምን ያህል በቀለለ።

ባልዲው ላይ «አትክልቱ ውሃ የሚጠጣው ከዚህ ነው» ብዬ ጻፍኩ። እህትህ ራሷን ዘንበል አድርጋ አነበበችውና ከሰል አምጥታ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ጨመረችበት። ረስቼው ነበር። ከዚያ ማጠጫዋን ሞላችና ቀዳች።

አሥራ ስምንት ቀን ሠራ። ትቀዳለች፣ ትርፉ ይመለሳል፣ ትቀዳለች። ስትገባ እጇ እርጥብ ነው። በማታለል እንዲህ ደስ ይላል ብለው ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። ሾፌሩ እንኳ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ አይቶ፣ «እናት፣ ማን ነው እንዲህ የሚያጠጣው?» ቢላት፣ «እኔ ነኛ! ይኼ ሽማግሌማ ለራሱም ውሃ መቅዳት አይችል» አለችው። ሽማግሌ ስትለኝ ልቤ በራ። አንቱ ከመባል ስንት እርምጃ ወደዚህ ነው።

ቃሪያው አፍርቷል። ካሮቱን እንደገና ዘራሁት፣ በቅሏል። ከፍ ያለው መደብህ ሳይቀር ጠጥቷል። እንደዚህ ዓመት ጓሮው አምሮ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት ማጠጫውን ሰጠኋት። ገለባበጠችው። «ይኼ የማን ነው?» አለችኝ።

«ያንቺ።»

«ኧረ አይደለም» አለችና መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ሰው ረስቶት የሄደውን ዕቃ እንደሚያስቀምጡት፣ ቀስ አድርጋ።

ከዚያ ወዲህ አልያዘችውም። በመስኮትም አታይም። በቀን አንዴ ባልዲውን የምሞላው እኔ ነኝ። ትርፍ የሚመለስበት ቱቦ አሁን ደረቅ ነው፤ ትርፍ የሚቀዳ ሰው የለም። አትወድቅም። ሐኪሙ ቢያያት ይደሰት ነበር። እኔ ደግሞ አሥራ አንዱን ጊዜ እናፍቃለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ደብዳቤህን ቅደደው ብለኸኝ አልቀደድኩትም፤ ጽሑፍ መቅደድ እጄ አልለመደም። ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር። ቅዳሜ ከጓሮ ስገባ አገኘችው። ቀይ እስክሪብቶ ከየት እንዳመጣች አትጠይቀኝ፤ ማጠጫዋን ያላወቀች ሴት እስክሪብቶውን ከነክዳኑ አግኝታዋለች። መነጽሯን አጥልቃ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። እያረመች ነበር።

ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። ውሃን ባገኘችበት ሁሉ ከበበችው፤ አምስት ቦታ። «ማንን ፈለጉ?» ካለችህ ጋ ስትደርስ ጠጋ አልኩ። ቆመች። መልሳ አነበበችው። «ፈለጉ አለችኝ» እና «ጋሼ» መሃል ነጠላ ሰረዝ ጨመረችና ቀጠለች።

ስትጨርስ፣ «የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

«የእኛ ነው» አልኳት።

«ሐሳቡ ጥሩ ነው» አለች። «ውሃ ላይ ግን ደካማ ነው።»

አራት ከአሥር ሰጥታሃለች። እዚህ ቤት ሳለህ ከሦስት አልፈህ ስለማታውቅ እንደ እድገት ቁጠረው። ከግርጌ የጻፈችውን እኔ አልነግርህም፤ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ወረቀቱን ራሱን ልኬልሃለሁ። አንብበኸው አትቅደደው።

የእህትህ ባል


የካቲት 25

ይድረስ ለጋሼ፣

ወረቀቱ ደርሶኛል። አብራ ያለችውን የታጠፈች ገጽ ለእሷ ይስጡልኝ። እባክዎ አስቀድመው አያርሙት። ጥፋት ካለበት እሷ ታግኘው።

ጭቃው


ይድረስ ለተከበሩ መምህርት፣

እርማቱን ሠርቻለሁ።

ውሃ። ውሃ። ውሃ። ውሃ። ውሃ። ውሃ። ውሃ። ውሃ። ውሃ። ውሃ።

ከግርጌ በቀይ «ወላጅ ይዘህ ና» ብለው ጽፈውልኛል። ትእዛዝዎን ላለመፈጸም አይደለም። ወላጅ አለችኝ። ሌላ የለኝም። እሷ ግን እርስዎ ያሉበት ቤት ውስጥ ናት፤ ላመጣት አምና ሞክሬ በሩ ላይ አጣኋት።

ሾፌሩ ቅዳሜ ይነሳል፣ ጋቢናው ውስጥ ቦታ አለ። አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄዋለሁ፤ ጆሮው ደህና ነው።

ብቻዬን ብመጣ ያስገቡኛል?

ተማሪዎ